«መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ከማለትዎ በፊት

«መድኃኒቱ አልተስማማኝም» የምትለው አባባል በእኛ ዘንድ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች። ሆድ ያወከው አንቲባዮቲክ በእሷ ይነገራል። ገላን ሳማ እንደነካው አቃጥሎ ያሳበጠ ክኒንም፣ መርፌ ሲወጉ ዐይን የሚያጨልም ድንጋጤም፣ ደረት ጨምቆ ላብ በላብ የሚያደርግ ሕመምም በእሷው ይነገራል። ተናጋሪው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ሰሚው ግን በእስራኤል፣ በሬሆቦት ቂርያት ሞሼ ሰፈር አጠገብ ባለ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) የተቀመጠ ሐኪም ወይም የአምቡላንስ ቁጥር 101 ሲደወል ስልኩን ያነሳ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ አራቱም አንድ ሆነው ይደርሱታል። ከአራቱ በጣም አነስተኛ ቁጥር ያለው፣ ነገር ግን ፋታ የማይሰጠው፣ የመድኃኒት አለርጂ ወደ ልብ ሲዞር ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ እሱ ነው። የምከራከርለትም አንድ ነገር ነው፤ ቆዳ ላይ የወጣውንና ደረት ውስጥ የሚሰማውን ለያይተው አይዩ፣ ያዩትንም በስሙ ይጥሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አለርጂ የቆዳና የአፍንጫ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ከእነሱ ብዙ አይርቁም ነበር። በ1950 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ለፔኒሲሊን የቆየ አለርጂ የነበረበት ሰው በዚያው መሐል ልቡን እንደታመመ በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። ነገሩ ስም ያገኘው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ግሪካዊው ሐኪም ኒኮላስ ኩኒስ ከባልደረባው ከዛቭራስ ጋር ሆኖ በአለርጂ የሚመጣ የደረት ሕመም ብሎ ሲገልጸው ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ «ኩኒስ ሲንድሮም» ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት ማስት ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ህዋሳት ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህ በቆዳና በሳንባ ብቻ ሳይሆን ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ዙሪያም ይገኛሉ። ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ሲቆጥረው ህዋሳቱ ይፈነዱና ሂስታሚንን የመሳሰሉ ቅመሞች ይረጫሉ። ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣው ያው ሂስታሚን የልብን ደም ሥር ይጨብጠዋል። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ተኮማትሮ ደም ያሳጣል፤ ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ቀድሞውኑ ስብ ከተጋገረበት ያ ስብ ተሰንጥቆ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ቀደም ሲል ስቴንት (የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባላቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው፣ በስቴንቱ ውስጥ ደም መርጋት ነው። ስለዚህ አለርጂው ወጣቱንም ሽማግሌውንም ያገኛል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን የሚሰነጠቅ ነገር አስቀድሞ አከማችቷል።

«እንዲህ ያለው በስንት ዘመን አንዴ ነው፤ ሰው ለምን ይሸበራል?» የሚል አይጠፋም። ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በአለርጂ ተኝተው የታከሙ ሰዎች መዝገብ ሲመረመር ኩኒስ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ነበሩ። ነገር ግን የሞት ድርሻቸው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚህም በላይ ብርቅ የሚመስልበት አንዱ ምክንያት አለመታወቁ ነው፤ አንድ ሐኪም ደረቱን መርምሮ ሽፍታውን ካልጠየቀ፣ ወይም ሽፍታውን አክሞ ልቡን ካላየ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ልብ በሉ፣ እዚህ መሸበር አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ስላሉት መድኃኒቶች ትንሽ ማወቅ ነው።

በዚህ አገር ያለ ትእዛዝ የሚሸጠው ኦፕታልጂን ራስ ምታት ላይ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ በውስጡ ያለው ዲፒሮን አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከገበያ የወጣ፣ ከባድ አለርጂ በማስነሣትም የሚታወቅ ነው። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን (አድቪል፣ ኑሮፌን የሚባሉት)፣ ዲክሎፌናክ (ቮልታሬን) ከዚያው ጎራ ናቸው። አሞክሲሲሊንና ኦግሜንቲን የፔኒሲሊን ልጆች ናቸው። ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም፣ ለቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ማደንዘዣዎችም በዝርዝሩ አሉ። ሚሊዮኖች በየቀኑ ይወስዷቸዋል፤ ምንም አይሆኑም። ከዚህ የሚወጣው ተግባር ቀላል ነው። አዲስ መድኃኒት፣ በተለይ አንቲባዮቲክና ማስታገሻ፣ ብቻዎን ቤት ሆነው ወይም ሊተኙ ሲሉ አይጀምሩት፤ መኪና እየነዱም አይዋጡት። ሰው ባለበት ይዋጡት፤ የስሙን ካርቶንም አይጣሉት።

አሁን ወደ ዋናው ሰዓት እንምጣ። ቅዳሜ ማታ ነው እንበል፤ ሰንበት ወጥቶ ቢሉ ሴንተር የተባለው የገበያ ማዕከል በሰው ተጨናንቋል፤ አንዲት እናት ከጥርስ ሐኪም ያገኘችውን አንቲባዮቲክ በውኃ ዋጠች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መዳፏን ማከክ ጀመራት፤ አንገቷ ላይ ሳማ የነካው የሚመስል እባጭ ወጣ። ቀጥሎ ደረቷን ያዘች፤ ፊቷ ገረጣ፤ ግንባሯ በላብ ራሰ። በዚህች ቅጽበት የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ሁለቱን መለያየት ነው፤ «ሽፍታው ይጠፋል፣ ደረቷን ያመማት ደግሞ ጨጓራዋ ነው» ይባላል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን አንድ ነገር ናቸው። መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት ማፏጨት ከታየ፣ በዚያው ላይ የደረት መጨምደድ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማጥወልወል፣ ላብ፣ ወይም «ልሞት ነው» የሚል ድንገተኛ ስሜት ከተጨመረ፣ ልብ የተነካ ነው ብለው ይያዙት። ደግሞ ቆዳው ንጹሕ ስለሆነ አለርጂ አይደለም አይበሉ፤ የደም ግፊት ከወደቀ ሽፍታው ላይወጣ ይችላል። ፍጥነቱን በተመለከተ፣ በብሪታንያ በአለርጂ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ የመረመረ በ2000 የታተመ ጥናት አለ። እንደ እሱ ከሆነ በሕክምና መሐል በተሰጠ መድኃኒት የሞቱት ሰዎች ልባቸው ወይም ትንፋሻቸው እስኪቆም ድረስ የነበረው መካከለኛ ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በምግብ ግን ሠላሳ። የሚዋጥ ክኒን ከመርፌ ቢዘገይም «ትንሽ እንይ» የሚባልበት ጊዜ የለም።

በቢሉ ሴንተር የቆመ ሰው አንድ ብርቱ ፈተና አለበት፤ ካፕላን ሆስፒታል ጎረቤቱ ነው። ሁለቱም በቢሉ መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ናቸው፤ ስለዚህ «አምቡላንስ እስኪመጣ ከምንጠብቅ በመኪናችን ሚዩን (ድንገተኛ ክፍል) እናድርሳት» የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ይመስላል። በሁለት ምክንያት አልቀበለውም። አንደኛ፣ በመኪና ወንበር ቀጥ ብሎ መቀመጥ ራሱ አደገኛ ነው። በከባድ አለርጂ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ ልቡ የሚረጨው ያጣል። በብሪታንያ ከሞቱት መካከል ድንገት ተነሥተው በተቀመጡ ወይም በቆሙ ቅጽበት ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ሁለተኛ፣ መኪናዎ ውስጥ አድሬናሊንም ልብ የሚያነሣ መሣሪያም የለም፤ ናታን በሚባለው የማዳ (ማጌን ዳቪድ አዶም) የጽኑ ሕሙማን አምቡላንስ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ፤ ሕክምናውም እናትዬው ከተኛችበት መሬት ይጀመራል። ሰንበት ሲወጣ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ሦስተኛውን ምክንያት ራሱ ይጨምራል።

ስለዚህ ይህን ያድርጉ። መጀመሪያ አስተኟት፤ እግሯን በቦርሳ ወይም በወንበር ከፍ ያድርጉት። ትንፋሽ ካጠራት ብቻ ጀርባዋን ደግፈው ቀና ያድርጓት፤ እግሯ ግን አይንጠልጠል። ካስመለሳት በጎኗ። ልጅ በሆዷ ካለ በግራ ጎኗ። አንድ ሰው 101 ይደውል፤ ሌላ ሰው የገበያውን ጥበቃ ዴፊብሪላቶር (ልብ የሚያነሣውን መሣሪያ) እንዲያመጣ ይጥራ። በእስራኤል በ2008 በወጣ ሕግ ሰው በሚበዛባቸው የሕዝብ ቦታዎች ይህ መሣሪያ እንዲኖር ታዟል። ስልክ ላይ ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ ዕብራይስጡ ከጠፋዎት ይህን ይያዙ፦ «ትጉቫ አለርጊት ሌትሩፋ፣ ክኤቪም ባሐዜ፣ ቢሉ ሴንተር»፤ ለመድኃኒት የአለርጂ ምላሽ፣ የደረት ሕመም፣ ቢሉ ሴንተር ማለት ነው። ከዚያ ከፊት ለፊትዎ ያለውን ሱቅ ስም ያክሉ፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነ የገበያው ስም ብቻውን አይበቃም።

በኪሷ ኤፒፔን (ራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ) ካለና ትንፋሽ ካጠራት ወይም ጉሮሮዋ ከታነቀ ወይም ራሷን ልትስት ከሆነ፣ ሳይዘገዩ በጭኗ ውጫዊ ጎን ይውጉት፤ ልብሷን ማውለቅ አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ካልተሻላት ሁለተኛው ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከሁሉም ከባዱ ስለሆነ በሩጫ አላልፈውም፤ «አድሬናሊን ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥርን ያጠብቃል፤ ልቧን እያመማት እንዴት ይሰጣታል?» ይባላል። ነገሩ መሠረት አለው። አድሬናሊን በደም ሥር በብዛት ሲገባ ልብን ጎድቷል። ኤፒፔን ግን ለአዋቂ 0.3 ሚሊግራም ብቻ ወደ ጡንቻ ይሰጣል፤ የሚመከረውም በጡንቻ የሚሰጠው ነው። ከዚህም በላይ በከባድ አለርጂ ልብን የሚገድለው ዋናው ነገር የግፊት መውደቅና የትንፋሽ መዘጋት ሲሆን እነዚህን በፍጥነት የሚመልስ ሌላ መድኃኒት በእጃችን የለም። የዓለም የአለርጂ መመሪያዎችም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በከባድ አለርጂ ጊዜ አድሬናሊን አይከለከልም ይላሉ። ሽፍታና የደረት ሕመም ብቻ ኖሮ ትንፋሿና ንቃቷ ደኅና ከሆነ ግን ውሳኔውን ለ101 ሰው ይተዉለት፤ እዚያ ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ይመዝናሉ። ፌኒስቲል ወይም ሎራስቲን መስጠትስ? ማሳከኩን ያስታግሳሉ፤ የወደቀ ግፊት አያነሡም። የአድሬናሊንን ቦታ ሊይዙ አይገባም፤ በእነሱ ተዘናግቶ ስልክ የዘገየ ብዙ አለ።

አስፕሪንም ጥያቄ ያስነሣል። ልብን የታመመ ሰው አስፕሪን ያኝክ የሚለው ምክር በሰው ሁሉ አፍ ነው፤ ትክክልም ነው፤ ነገር ግን አለርጂውን ያስነሣው አስፕሪኑ ራሱ ወይም ወንድሙ ኢቡፕሮፌን ከሆነ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ለዚህ ነው ካርቶኑን አይጣሉ ያልሁት። ለአምቡላንሱ ሠራተኛ ምን እንደተዋጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተዋጠ፣ የመጀመሪያው ምልክት ምን እንደነበር ይንገሩት፤ ካርቶኑንም ያስጨብጡት። ዘወትር የምትወስደውንም ይናገሩ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ምት ካርዲሎክ ወይም ኖርሚተን የምትወስድ ከሆነች አድሬናሊን እንደሚፈለገው ላይሠራ ይችላል፤ ሐኪሙ ግሉካጎን የሚባል ሌላ መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት ክኒን የምትወስድም ከሆነች ይነገር፤ ይህ መድኃኒት ከዓመታት በኋላም ከንፈርና ምላስን በድንገት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ጥቁር ሕዝቦች ላይ ደግሞ ይበዛል። መልኩ አለርጂ ቢመስልም መንገዱ ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል።

ሚዩን ሲደርሱ ቋንቋው ዳግም ይፈትናል። «ልቤን አመመኝ» የምንለው ሐዘንም ሊሆን፣ ማቅለሽለሽም ሊሆን፣ ደረትም ሊሆን ይችላል፤ «ውጋት» ደግሞ ከጎን እስከ ጀርባ ይዞራል። ቃል በቃል ሲተረጎም ሐኪሙ ወይ ይደነግጣል ወይ ይስቃል። ስለዚህ በእጅ ያሳዩ፤ የት እንደሆነ፣ እንደሚወጋ ነው ወይስ እንደሚጨምቅ፣ ወዴት እንደሚሄድ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ ልጅ እናቱ ያለችውን ሳይሆን እናቱ እንዳትሆን የሚፈልገውን ይተረጉማል። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት የቋንቋና የባህል ተደራሽነት እንዲያደራጁ አዟል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። ከዚያ ሦስት ነገር መሠራቱን በትሕትና ይጠይቁ። አንዱ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ኤካጌ የሚሉት ነው። ሌላው የትሮፖኒን ደም ምርመራ ነው፤ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ያሳያል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትሪፕቴዝ ነው፤ ከማስት ሴል የሚወጣ ምልክት ሲሆን ከጀመረ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጎላል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ከተወሰደ ሊያመልጥ ይችላል። ከአንድ ቀን በኋላም ለማነጻጸሪያ እንደገና ይወሰዳል። ትሪፕቴዙ ደኅና ቢሆንም አለርጂ አልነበረም ማለት አይደለም። ሌላው፣ ትንሽ ሲሻላት «እንሂድ» አይበሉ፤ አለርጂው ከሰዓታት በኋላ ያለ አዲስ ክኒን ሊመለስ ይችላል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ አለርጂን አትናቁ ነው። በተቃራኒው የሚሠራው ስሕተት ግን እኛ ዘንድ ምናልባት ይበዛል፤ አለርጂ ያልሆነውን አለርጂ ማለት። የዚህ ዋናው ምሳሌ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ በኢትዮጵያ ወጣቶች ላይ ብርቱ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ሲመሠረት፣ ከ1995 ጀምሮ በሆሎን ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው የሕፃናት ልብ አድን ድርጅትም ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲቀበል፣ ከፊታቸው ከተደቀኑት ሕመሞች አንዱ ይኸው ነበር። በሽታው እንዳያገረሽ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አለ፤ ያማል፣ ይፈራል። አልፎ አልፎም አንድ ልጅ ከመርፌው በኋላ ደቂቃ ሳይሞላው ይወድቃል፤ ይሞትም ይሆናል። «ፔኒሲሊን ገደለው» ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ መርፌውን ይሸሻል፤ ነርሷም ለመውጋት ትፈራለች። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ግን እንዲህ ካሉት ሞቶች ብዙዎቹ አለርጂ አይመስሉም፤ ቫልቩ ክፉኛ የጠበበበት ልብ በሕመሙና በፍርሃቱ የሚወርደውን ግፊት መሸከም አቅቶት ይመስላል። ስለዚህ ልባቸው በጣም ለተጎዳ ሰዎች በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ፣ ለሌሎቹም ከመርፌው በፊት ውኃ ጠጥተው፣ ምግብ ቀምሰው፣ ተኝተው እንዲወጉ ይመክራል። ዘመድዎ ጎንደርም ይሁን አዲስ አበባ ይህን መርፌ የሚወስድ ከሆነ በስልክ የሚነግሩት ይህን ነው፤ አያቋርጥ፣ በባዶ ሆዱ አይሂድ፣ ተኝቶ ይወጋ፣ የልቡ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በዚህ ምክንያት ከልጅነታችሁ ጀምሮ «ፔኒሲሊን አይሆንልኝም» የምትሉ ሁሉ ነገሩን ደግማችሁ ልትመረምሩት ይገባል። በአሜሪካ ከአሥር ሰው አንዱ እንዲህ ይላል፤ በትክክል ሲመረመሩ ግን ዘጠና በመቶ ገደማው ፔኒሲሊን ይችላሉ። እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸውም ቢሆኑ ሰማንያ በመቶ ያህሉ አሥር ዓመት ሲያልፍ ይለቃቸዋል። «ታዲያ ለጥንቃቄ ብተወውስ ምን ይጎዳኛል?» ካሉ፣ ይጎዳዎታል። ሐኪሙ ሁለተኛ ምርጫ ይሰጥዎታል፤ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ፣ ውድ፣ በአንጀት ላይም ጨካኝ መድኃኒት። መርፌ ሲወጉ የደነገጠ ልጅ እስከ ስድሳ ዓመቱ ያን ዕዳ ይከፍላል። ይሁንና ራስዎ ቤት ዋጥ አድርገው አይሞክሩት፤ የቤተሰብ ሐኪምዎን ወደ አለርጂ ሐኪም ሃፍናያ (የመላኪያ ወረቀት) ይጠይቁ። በእርግጥ ሽፍታና የደረት ሕመም አብረው የመጡብዎት ከሆነም ይኸው ሃፍናያ ያስፈልግዎታል፤ ከአለርጂ ሐኪሙ በተጨማሪ የልብ ሐኪም። የኮምፒውተር መዝገቡ ላይ «ራጊሽ» (አለርጂ ያለበት) የሚለው ቃል ከተጻፈ፣ ለምን መድኃኒት፣ ምን ዓይነት ምላሽ እንደነበር አጠገቡ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ይፋቅ።

አንድ ካርድ ያዘጋጁ፤ ከቴኡዳት ዜሁትዎ (ከመታወቂያዎ) ጋር የሚቀመጥ። በአንድ ፊቱ በአማርኛ፣ በሌላው በዕብራይስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፉበት፦ «አሞክሲሲሊን፣ አንድ ክኒን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንገትና መዳፍ ላይ እባጭ፣ ደረት ጨመቀኝ፣ ላብ። አድሬናሊን ተሰጠኝ። ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ነበር። በየቀኑ የምወስደው፦ ካርዲሎክ።» ወሩንና ዓመቱን፣ የታከሙበትንም ሆስፒታል ይጨምሩበት። «አልተስማማኝም» የሚለው ቃል ካርዱ ላይ አይግባ።